የምትክ ገበታ

የጥርን ማለዳ በቦሩ ሜዳ ያሳለፈ ሰው ያውቀዋል። ሌሊቱን የጣለው ውርጭ በገብሱ ቃርሚያ ላይ ጨው እንደ ተነሰነሰ ነጥቶ ያድራል፤ ፀሐይዋ ወጥታ እስክታሟሟው ድረስ ሰውም ከብትም ከደጃፉ ፈቀቅ አይልም። በ2008 ዓ.ም. እንዲህ ባለ ማለዳ 2 ኪሎ ሩዝ፣ ግማሽ ኪሎ ሰሊጥ፣ ጥቂት ድፍን ምስርና የኮምቦልቻ አትክልት በዘንቢል ይዤ ከአያቶቼ ቤት ደረስሁ።

«ምንድን ነው የተሸከምኸው?» አሉኝ እማማ።

«የኮርያ ምግብ ልሠራ ነው።»

እማማ ከእሳቱ ዳር ቀና ብለው አዩኝ። «አባባ ኮርያ ድረስ ሄደው አዩት፤ አንተ ደግሞ ኮርያን ማጀቴ ድረስ ልታመጣው ነው?» አሉና ሳቁ። አባባ ግን አልሳቁም። ጋቢያቸውን ተከናንበው መደቡ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ የአገሩን ስም ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ።

*

ነገሩ የተጀመረው አዲስ አበባ ነው። ተማሪ ሳለሁ በተከራየሁበት ግቢ ውስጥ አንዲት ኮርያዊት በጎ ፈቃደኛ መምህርት ትኖር ነበር። አንድ ማታ ቡና ላይ ስለ ቤተሰብ ስንጨዋወት የእናቴ አባት የቃኘው ወታደር እንደ ነበሩ ነገርኋት። ስኒዋን አስቀመጠች። ከመቀመጫዋ ተነሣች። ሁለት እጇን አጣምራ፣ ከወገቧ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችኝ።

እኔ ለዚያ ሰላምታ የሚያበቃ አንዳች ነገር አላደረግሁም። የተቀበልሁት በአደራ ነው። ለባለቤቱ ማድረስ ነበረብኝ፤ ግን ጎንበስ ማለትን ተሸክሞ ቦሩ ሜዳ ድረስ እንዴት ይኬዳል?

በማግስቱ ምግብ ሠርታ ጠራችኝ። ስሙ ቢቢምባፕ ነው፤ «ቢቢም» መደባለቅ፣ «ባፕ» የበሰለ ሩዝ ማለት ነው አለችኝ። ከጎድጓዳ ሳህን ሥር ትኩስ ሩዝ ይደረጋል። በላዩ ላይ ለየብቻ የበሰሉ አትክልቶች ዙሪያውን ይደረደራሉ፤ ስፒናች፣ ካሮት፣ ዝኩኒ፣ የአኩሪ አተር በቆልት፣ እንጉዳይ። በቀጭኑ የተከተፈ የበሬ ሥጋም ይጨመራል። ከመካከል አስኳሉ ያልጠነከረ የተጠበሰ እንቁላል ይቀመጣል። ከዚያ ጎቹጃንግ የሚሉት ቀይ የበርበሬ ድልህ ጣል፣ የሰሊጥ ዘይት ጠብ ይደረግበታል። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ነጭ፣ ጥቁር እየሆነ ለዓይን ደስ ይላል። ደስታው ግን ለደቂቃ ነው፤ በላተኛው ማንኪያውን ይዞ ሁሉንም አንድ ላይ ያማስለዋል።

ያን ቀን እርሷ ራሷ ግማሹን ነገር በምትክ ነበር የሠራችው። ስፒናች አጥታ ቆስጣ ገዝታለች፤ በቆልት አጥታ ጥቅል ጎመን በቀጭኑ ከትፋለች። ሳዝንላት ሳቀችብኝ። በአገሯም ቢሆን የጆንጁ ከተማ ሰው በአንድ መንገድ፣ የጂንጁ ሰው በሌላ መንገድ ይሠራዋል፤ ጂንጁዎች እንዲያውም ጥሬ ሥጋ ይጨምሩበታል አለችኝ። «እነርሱስ የእኛ ዘመዶች ናቸው» አልኋት።

ስንለያይ «አያትህ ይህን ያስታውሱት ይሆናል» አለችኝ። ያ ቃል ከውስጤ አልወጣም።

*

ስለ አባባ የማውቀው ጥቂት ነበር፤ ያንንም ቢሆን ከአፋቸው ከሰማሁት ይልቅ ከመጽሐፍ ያነበብሁት ይበዛል። ንጉሠ ነገሥቱ በአባታቸው በራስ መኰንን የፈረስ ስም የሰየሙት ቃኘው ሻለቃ ከክቡር ዘበኛ ተውጣጥቶ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ጉዞ ጀመረ፤ እስከ ጅቡቲ በባቡር፣ ከዚያ በመርከብ። አንዱ ሻለቃ ሌላውን እየተካ ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን በዚያ ምድር አገለገሉ። ከ120 በላይ የሚሆኑት በጦርነቱ ወደቁ። አባባ የሁለተኛው ቃኘው ወታደር ናቸው፤ በ1944 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ሊተኩ ሄዱ። ያን ጊዜ 20 ዓመታቸው ነበር።

ከ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር በኋላ የክቡር ዘበኛ ሰው ሲበተን ወደ ትውልድ መንደራቸው ተመልሰው ሞፈር ጨበጡ። ደርግ ሲመጣ ደግሞ ኮርያ መዝመት ከሚያስከብር ይልቅ የሚያስጠረጥር ሆነ፤ የተዋጉት ከኮሚኒስቶች ጋር ነበርና። ኒሻናቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ጎታ ውስጥ ከገብሱ ሥር ቀበሩት። 17 ዓመት ሙሉ ገብስ ሲጨመርበትና ሲቀነስለት ኖረ። በ1983 ሲያወጡት ጥብጣቡን አይጥ በልታው ብረቱ ብቻ ቀርቶ ነበር። ይህን የነገሩኝ እማማ ናቸው። አባባ ስለ ኮርያ ሲጠየቁ «ብርድ ነበር» ይላሉ፤ በቃ። ለቦሩ ሜዳ ሰው ብርድ ነበር ማለት ምንም አለማለት ነው።

እንግዲህ ምግቡን ልሠራ የተነሣሁት ለዚህ ነው። አፍ የማይናገረውን ምላስ ያስታውሰው ይሆናል ብዬ።

*

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ምግብ ከገበያችንና ከጓዳችን በሚገኝ ነገር መሥራት ይቻላል። እኔ በ5 ቀን ውስጥ የተማርሁትን ላካፍልህ።

መጀመሪያ በቆልቱ። የአኩሪ አተሩ በቆልት ቢታጣ ለባቄላና ለምስር በቆልት እኛም ባዳ አይደለንም። ምስሩን አንድ ሌሊት ዘፍዝፌ፣ አጥልዬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለልሁት። እኔ በምሠራበት በኮምቦልቻ 2 ቀን ይበቃዋል፤ ሐረጎን ወጥተው፣ ደሴን አልፈው ቦሩ ሜዳ ሲደርሱ ግን ዘሩም ይበርደዋል። በ2ኛው ቀን ስገልጠው እንዳስቀመጥሁት ነበር። እማማ ጥቅሉን ነጥቀውኝ ከምድጃው አጠገብ፣ አመዱ በሚሞቅበት በኩል አኖሩት። በ4ኛው ቀን ነጫጭ ጭራ አወጣ።

ቀጥሎ የሰሊጥ ዘይቱ። ኮርያውያን የሚወዱት ከተቆላ ሰሊጥ የወጣውን፣ ጠቆር ያለውንና ሽታው ቤት የሚሞላውን ነው። እኛ የሁመራና የመተማ ሰሊጥ አገር ሆነን ይህን ዘይት በየሱቁ አናገኘውም። እኔ ሰሊጡን በለስላሳ እሳት እስኪፈነዳዳ ቆልቼ፣ በሙቀጫ ወቅጬ፣ ለብ ባለ የምግብ ዘይት ውስጥ አሳደርሁት፤ ሲነጋ አጠለልሁት። የኑግ ዘይት ያለው ሰውም በእርሱ ቢሠራ አያፍርም።

ከሁሉ የከበደው ድልሁ ነው። ጎቹጃንግ ከበርበሬ ዱቄት፣ ከሚጣበቅ ሩዝ፣ ከተብላላ አኩሪ አተርና ከጨው ተሠርቶ በሸክላ ጋን ወራት የሚቆይ ነው። ይፋጃል፣ ይጣፍጣል፣ ጥቂት ይኮመጥጣል። አዲስ አበባ ሳለሁ በተቀመመ በርበሬ ሞክሬው ነበር፤ ኮረሪማውና በሶብላው ሌላውን ሁሉ አፍኖ ምግቡን ወጥ አደረገው። መፍትሔው ያልተቀመመ በርበሬ ነው፤ ፍሬው ተራግፎ ዛላው ብቻ የተፈጨ። የተብላላውን አኩሪ አተር ምን ይተካው? ብዙ ካሰብሁ በኋላ ስልጆ ትዝ አለኝ። የባቄላ ዱቄት ከሱፍ ውኃ ጋር በስሎ፣ በሰናፍጭና በነጭ ሽንኩርት ተብላልቶ የሚበላው ስልጆ፣ ለእነርሱ ድልህ የሩቅ ዘመድ ነው። ከሳምንት በፊት ምክንያቱን ሳልናገር እማማን በስልክ ለምኛቸው ነበር። «ስልጆ ያለ ሁዳዴ?» ብለው ቢደነቁም አዘጋጅተው ጠበቁኝ።

3 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ 1 ማንኪያ ማር፣ 1 ማንኪያ ስልጆ፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ፣ 1 ማንኪያ የሰሊጥ ዘይት፣ ጨው፣ ማላሊያ የሚሆን ሙቅ ውኃ። እማማ በጣታቸው ጫፍ ቀመሱት። «ማር በበርበሬ!» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ቀመሱት። ሦስተኛ ጊዜ ሲቀምሱ አልተናገሩም።

በርበሬ ራሱ ምትክ መሆኑን የማስታውሰው በዚህ ጊዜ ነው። ዘሩ ከአሜሪካ አህጉር የወጣው ከኮሎምበስ ጉዞ በኋላ ነው፤ ወደ ኮርያም ወደ እኛም የደረሰው ከዚያ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የኮርያ እናቶችና የወሎ እናቶች ወጣቸውን የሚያቃጥሉት በሌላ ነገር ነበር። ዛሬ ግን ሁለታችንም ያለ በርበሬ ማን መሆናችንን አናውቅም።

ሩዙንም ተጠንቅቄ ነው የመረጥሁት። ከውጭ የሚመጣው ረጅሙ ሩዝ ሲበስል ይበታተናል፤ ይህ ምግብ የሚፈልገው ፍሬው እርስ በርሱ የሚያያዘውን ነው። ስለዚህ የፎገራ ሩዝ ገዛሁ። ቦሩ ሜዳ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በ100 ዲግሪ ተለክቶ የተጻፈ የሩዝ አሠራር እዚህ አይሠራም። የመጀመሪያው ቀን ሩዜ ላዩ ለስልሶ ልቡ ጥሬ ቀረ፤ ለዶሮዎቹ ሆነ። በኋላ ግማሽ ሰዓት መዘፍዘፍ፣ ለ3 ብርጭቆ ሩዝ 4 ብርጭቆ ተኩል ውኃ ማድረግ፣ ክዳኑን በጨርቅ አሽጎ እሳቱን መቀነስ፣ ከወረደ በኋላም ሩብ ሰዓት ሳይከፍቱ መተው እንደሚገባ ተማርሁ።

ቆስጣውን በፈላ ውኃ አንዴ ነከር አድርጎ መጭመቅ፤ ካሮቱንና ዝኩኒውን በቀጭኑ ከትፎ ለየብቻ በጥቂት ዘይት ማገላበጥ፤ በቆልቱን አብስሎ በጨውና በሰሊጥ ዘይት ማሸት። ለየብቻ መሠራታቸው ቁም ነገር ነው። ኮርያውያን ምግቡን በጋለ የድንጋይ ሳህን የሚያቀርቡበት ጊዜም አለ፤ ለዚህ የእኛ ሸክላ ድስት ይበቃል። ከሥሩ ዘይት ቀብቶ ሩዙን ማድረግና ቅርፊት እስኪይዝ መጠበቅ ነው።

*

የቀረው ሥጋው ነበር። ቅዳሜ ነው፤ ጾም የለም፤ እማማም ሥጋ ይገዛ ብለው ነበር። ነገር ግን ያን ቀን እማ እንደሚመጡ ተነገረኝ። እማ የጎረቤታችን እናት ናቸው፤ ሙስሊም ናቸው። እናቴ በተወለደች ጊዜ የመጀመሪያውን አጥሚት ያጠጧት እርሳቸው ስለሆኑ ሁላችንም እማ እያልን ነው ያደግነው።

ይህች ሜዳ ታሪክ አላት። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት፣ የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉት እዚህ ነው። ከዚያ ወዲህ የወሎ ሙስሊም መኳንንት እንዲጠመቁ ታዘዘ፤ ኢማም መሐመድ አሊም ሚካኤል ተብለው ተነሡ። ሕዝቡን በአንድ ቀለም ለማቅለም ነበር የታሰበው። ወሎ ግን እንደ ነበረች ሁለቱንም ይዛ ቀጠለች፤ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ መስጊድ የሚሄድም ቤተ ክርስቲያን የሚስምም አለ። በለቅሶውም በሠርጉም አብሮ የሚቆም ሕዝብ የሚለያየው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ የሥጋ ገበታ ላይ። እኛ ያረድነውን እማ አይበሉም፤ እርሳቸው ያረዱትን እኛ አንበላም። ቅር የሚሰኝ የለም፤ ልማድ ነው። እማ ሥጋ ባለበት ቀን ሲመጡ ቡና ብቻ ጠጥተው ይሄዳሉ።

ሥጋውን ተውሁት። በእርሱ ፋንታ በቆልቱን አበዛሁ። ድልሁንም በጠጅ ማላላት ሲቻል በውኃ አላላሁት። እንዲህ ሆኖ ከሳህኑ አንድ ነገር ሲጎድል ገበታው ላይ አንድ ሰው ተጨመረ።

*

ሳህኑን አባባ ፊት አስቀመጥሁ። ድርድሩን አይተው ዝም አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ቀና አሉ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የኮርያ ምግብ ነው፣ አባባ። ያውቁታል ብዬ ነበር።»

ደግመው አዩት። የሚጠብቁኝን ያህል ጠበቁኝና «አላውቀውም» አሉ።

ለ3 ዓመት ያሰብሁት ነገር በአንድ ቃል ፈረሰ። ምናልባት ድልሁ አልመሰለም፣ ምናልባት የእንጉዳዩ መቅረት ነው እያልሁ ስባዝን አባባ ቀጠሉ። «እኛ የአሜሪካን ቆርቆሮ ነበር የምንበላ። ሥጋ በቆርቆሮ፣ ብስኩት በቆርቆሮ። የአገሩን ምግብ ማን አየ? አገሬው ራሱ የሚበላው አልነበረውም።»

ማጀቱ ጸጥ አለ። እማማ ጭልፋቸውን ያዙ እንጂ አልጨለፉም።

«ከሰፈራችን አጥር ውጭ አንድ ልጅ ይቆም ነበር» አሉ አባባ። «አይለምንም። ዝም ብሎ ይቆማል። ከቆርቆሮዬ ግማሹን በልቼ በአጥሩ ሥር አሾልክለታለሁ። ተቀብሎ እዚያው አይበላም፤ ይዞ ይሮጣል። ታናሽ ነበረው መሰለኝ። ስሙን ጠይቄው ነግሮኛል። እዚያ ሳለሁ አውቀው ነበር፤ እዚህ ስመጣ ረሳሁት።»

የቃኘው ወታደሮች በኋላ በቶንግዱቾን ከተማ ቦህዋወን የሚባል የወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ አቁመው ከደመወዛቸው እየለገሱ ልጆች ማሳደጋቸውን አንብቤ ነበር። ያ ልጅ ምናልባት እዚያ ገብቶ ይሆናል ልል ፈለግሁ፤ ግን የማላውቀውን ማጽናኛ ማድረግ አልሆነልኝም።

አባባ ማንኪያውን አነሡ። «ያ ልጅ ይህን በልቶ ይሆን?» አሉ። ማንንም አልጠየቁም። እኔ ጠጋ ብዬ ድልሁን ጨምሬ፣ አስኳሉን አፍርጬ ሁሉንም አማሰልሁላቸው። በሉ። ቀስ ብለው፣ እንደሚመረምር ሰው በሉ።

«ሩዙ ከወዴት ነው?»

«ከፎገራ ነው። በደርግ ጊዜ የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ናቸው ዘሩን አምጥተው ለገበሬው ያስተማሩት። አሁን አገሩ ሁሉ ይዘራዋል፤ ከጤፍ እየቀላቀለ እንጀራ ይጋግርበታል።»

«ከሰሜኖቹ?»

«አዎ፣ ከሰሜኖቹ።»

ማንኪያው ከሳህኑና ከአፋቸው መካከል ቆመ። ምን እያሰቡ እንደ ነበር አላውቅም። እኔ ግን ጎታውን ነበር የማስበው። ኒሻናቸው ከገብሱ ሥር ተቀብሮ በነበረባቸው በእነዚያ ዓመታት፣ እርሳቸው የተኮሱባቸው ሰዎች ጣና ዳር ረግረግ ውስጥ ቆመው ለእኛ ገበሬ ችግኝ ያስተክሉ ነበር። ሁለቱም አገራቸውን ጥለው የመጡ እንግዶች ናቸው። አንዱ ጠመንጃ፣ አንዱ ዘር ይዞ።

አባባ ጎረሱ። አላመጡ። ባዶ የቀረውን የሳህኑን ጎን ወደ እኔ አዞሩና «እንግዲያ ጨምርልኝ» አሉ።

እማ ሳቁ፤ እማማም ሳቁ። እማማ ወዲያው ከመሶቡ እንጀራ አምጥተው «ያለ እንጀራ እስከ መቼ?» እያሉ ድርሻቸውን ላዩ ላይ ገለበጡት። እማም ተከተሉ። የኮርያ ሳህን በቦሩ ሜዳ እንጀራ ላይ አለቀ።

ቡና ሲፈላ አባባ እንደገና ተናገሩ፤ በአንድ ቀን ያን ያህል ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። «ያንን ዓይን ሁለተኛ ያየሁት እዚህ ነው። በ66። ከሰሜን ወደ ደሴ የሚወርደው ሰው በዚህ መንገድ ሲያልፍ። ልጅ ነው፤ አይለምንም፤ እበሩ ላይ ቆመ። እዚህ ግን ቆርቆሮ አልነበረኝም።»

«ቆሎ ሰጥተነዋል እኮ» አሉ እማ በቀስታ። «እኔና እርሷ ስንቆላ አልነበር የከረምነው።»

«ሰጥታችሁታል» አሉ አባባ። «ለእርሱ ሰጥታችሁታል።»

ሌሎቹን አላነሡም። እኛም አልጠየቅንም።

*

አባባ በ2011 ዓ.ም. ዐረፉ። ኒሻኑ ያለ ጥብጣብ ከፎቶግራፋቸው ሥር ተሰቅሏል።

ለመምህርቷ ጻፍሁላት። ምግቡን እንዳላወቁት፣ ስለ ልጁ የነገሩንን፣ ጨምርልኝ ማለታቸውን ሁሉ ነገርኋት። መልሷ ሲመጣ አፈርሁ። በጦርነቱና ከጦርነቱ በኋላ በነበሩት ዓመታት ነጭ ሩዝ ለብዙው ኮርያዊ ሕልም ነበር አለች። የመከሩ ሩዝ አልቆ አዲሱ ገብስ ሳይደርስ የሚመጣውን የጸደይ ረሃብ ሰዎች «የገብስ አቀበት» ብለው ይጠሩታል፤ አቀበቱን የተሻገረ ገብሱን ቀቅሎ፣ የሜዳ ቅጠል ጨምሮ፣ ድልህ ቀብቶ ያማስለው ነበር። አያቷ እስከ ዛሬ ገብስ ሲያዩ ዝም ይላሉ። እኛ ያን ቀን የሠራነው፣ እንቁላሉና ቀለሙ ሁሉ የተሟላው፣ የጥጋብ ዘመን ሳህን ነው። ያ ልጅ በልቶ ከሆነ የበላው በገብስ ነው።

ይህን ሳነብ ኮምቦልቻ ነበርሁ፤ ውጭው ሙቀት ነው። 5 ቀን ሙሉ ለሩዝ፣ ለሰሊጥ፣ ለበቆልት ስባክን፣ የምፈልገው ነገር አባባ ከተቀመጡበት መደብ አጠገብ ጎታ ሙሉ ነበር። እርሳቸውም የልጁን ምግብ ዕድሜ ልካቸውን ሲበሉት ኖረዋል፤ በቆሎ፣ በበሶ፣ በእንጀራ፣ በጠላም ሳይቀር። የነገራቸው ሰው አልነበረም እንጂ።

አሁን በገብስ ነው የምሠራው። ቅርፊቱ የወጣለትን ገብስ አንድ ሌሊት ዘፍዝፌ፣ እስኪለሰልስ ከአንድ ሰዓት ያላነሰ እቀቅለዋለሁ። ቆስጣ ካለ ቆስጣ፣ ከሌለ የሐበሻ ጎመን። ድልሁ ያው ነው፤ በማር፣ በስልጆና በሎሚ። እንቁላል ልጄ ስለምትወድ እጨምራለሁ። ሥጋ አላስገባም፤ ማን እንደሚመጣ አይታወቅምና።

ባለፈው ጥር ቦሩ ሜዳ ወጥቼ ለእማማና ለእማ በገብስ ሠራሁላቸው። እማማ ቀምሰው «ይሄስ የኛው ነው» አሉ። በቆልቱ አሁንም 4 ቀን ፈጀ።